በዘሃራ ፈረቃ

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናግሬአለሁ። ስለ መጠጡም፣ ስለ ምላሴም፣ ከወንድሜ ጋር ተኳርፈን ስለከረምንበት ጊዜም ነግሬአቸው ቀኖናዬን ተቀብያለሁ። ይህንን ግን እስካለፈው ሳምንት ድረስ ለማንም አልተነፈስኩም። ለእሳቸውም፣ ለሚስቴም። ጾም በገባ ቁጥር ዘንድሮስ እናገራለሁ እላለሁ፤ ጾሙ ይፈታል፣ እኔ ግን አልናገርም። እሳቸው ኮምፒውተር አያውቁም፣ ብነግራቸውም አይገባቸውም እያልኩ ራሴን አሞኝ ነበር። ምኑ ነው የማይገባው? ሰው በደልኩ፣ ዝም አልኩ። ይህ የማይገባው ቄስ የት አገር ነው ያለው?

እንግዲህ ለእናንተ ልናገር። አታውቁኝም፣ አላውቃችሁም፤ የደፈርኩትም ለዚህ ነው። ብቻ ቶሎ እንዳታዝኑልኝ። የሚታዘንላት ሰው ወደ በኋላ ትመጣለች፣ ለእሷ አስቀምጡት።

ቆቦ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር ነኝ። ከጦርነቱ በኋላ ከኮምፒውተር ክፍላችን የቀረው ግድግዳው ብቻ ነበር። ከዚህም ከዚያም ተለምኖ አሮጌ ኮምፒውተሮች መጡልን፤ እኔም ሊኑክስ የሚባለውን በነጻ የሚገኝ ሲስተም ጫንኩባቸው። አንዱን ሻል ያለ ማሽን ጥግ ላይ አስቀምጬ ሰርቨር አደረግኩት። የተማሪዎቹ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚሠሩት ከእሱ እየተቀበሉ ነው፤ እሱ ላይ የተጫነ ሁሉም ጋ ይደርሳል፣ እሱ ላይ የጠፋም ከሁሉም ላይ ይጠፋል። በዚያ ማሽን እኮራ ነበር። አቤት ኩራቴ! መምህራን ክፍል ውስጥ ስለ ሰርቨሬ ማውራት ስጀምር ሰው ሻዩን ይዞ ይሸሸኝ ነበር።

ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ነው የሚሠራው። ጠዋት ክፍሉ በእኔ እጅ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በዘሃራ። ዘሃራ የክፍሉ ረዳት ነበረች፤ ከእኔ በጥቂት ዓመት ትበልጣለች፣ በየቀኑ ከጎብዬ በሚኒባስ ትመላለሳለች። ድምጿ ገና ከግቢው በር ላይ ይሰማል። ሰው ፊት "መምህር" ትለኛለች፤ ስትናደድ "አንተ ሰውዬ" ነኝ። ወደ ሰርቨሩ የምንገባበት ስም ለሁለታችን አንድ ነበር፤ የይለፍ ቃሉም አንድ። ሁሉም የየራሱ ይኑረው የሚለውን ደንብ ለተማሪ አስተምሬዋለሁ። ግን እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር እንደ አለመተማመን ይቆጠራል። አብሮ የሚበላ ሰው ቁልፍ ይደባበቃል እንዴ? ተባብለን ተውነው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ መናገር አለብኝ፤ የእኔ ኃጢአት የተደበቀው እዚያ ውስጥ ነው። ኮምፒውተር የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። እኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት የምንለውን እሱ ዘጠኝ ይለዋል። ተማሪዎቹ ከክፍለ ጊዜያቸው ጋር እየተምታታባቸው ሲያስቸግሩ፣ ዘሃራ አንድ ቀን ቁጭ ብላ የተማሪዎቹን ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደ እኛ ሰዓት መለሰቻቸው። ከዚያ ወዲያ በክፍሉ ውስጥ ያለ ስክሪን ሁሉ እንደ አገሩ ይቆጥር ነበር። ሰርቨሩን ግን አልነካችውም። የራሱ ስክሪን ስላልነበረው፣ ሰዓቱ ምን እንደሚል የሚያውቅ አልነበረም። ከእኔ በቀር።

እናትነሽን ወደዚያ ክፍል ያመጣቻት ዘሃራ ናት። እናትነሽ የሮቢት ልጅ ናት፤ ዓይኗ የጠፋው ገና በሕፃንነቷ ነው። ከታላቅ እህቷ ጋር ቆቦ ቤት ተከራይታ ትማር ነበር። አንድ ቀን ዘሃራ እጇን ይዛ አስገባቻትና "ይቺ ልጅ ኮምፒውተር ትማር" አለችኝ። እንዴት አድርጋ? አልኳት። "እሱን አንተ ፈልግ! መምህር ነኝ አይደል የምትለው?" አለችኝ። ፈለግኩ፣ አገኘሁም። ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በአማርኛ የሚያነብ ፕሮግራም ነው፤ የጆሮ ማዳመጫ ትሰካለች፣ እሱ ያነብላታል፣ እሷ በኪቦርዱ ታዝዘዋለች። እናትነሽ መጀመሪያ ስትሰማው ሆዷን ይዛ ሳቀች።

"ኧረ ይሄ ሰውዬ ምን ሆኗል! አማርኛ ነው የሚያወራው ወይስ ጠጠር ነው የሚያኝከው?"

እውነቷን ነበር። ማጥበቅ ያለበትን ያላላል፣ ማላላት ያለበትን ያጠብቃል፤ ግማሹ ቃል አይገባም። ያን ክረምት ዘሃራና እናትነሽ ጎን ለጎን ተቀምጠው አስተካከሉት። እናትነሽ ታዳምጣለች፣ የተበላሸውን ቃል ታስቆማለች፣ ዘሃራ እንዴት መነበብ እንዳለበት ትጽፍለታለች። ከታሪክ መጽሐፉ፣ ከሥነ ዜጋው የአማርኛ ትርጉም እያሉ ቃል በቃል ሄዱ። ውጭ ዝናብ ሲዘንብ፣ ዞብል ተራራ በደመና ሲጠፋ፣ እነሱ እዚያ ናቸው። እኔ አልፎ አልፎ ብቅ እያልኩ "አሁንም አልጨረሳችሁም?" እላለሁ። ሲያልቅ ማሽኑ ሰው ሆነ። እናትነሽ "የቆቦ ሰው እንኳ ባይሆን አዲስ አበባ ተወልዶ ቆቦ ያደገ መስሏል" አለች። ዘሃራ "እህቴ" ነበር የምትላት፤ እናትነሽም እሷን።

በዚያ ዓመት እናትነሽ የአገር አቀፉን ፈተና ትወስዳለች። ሕግ ማጥናት ነበር ምኞቷ። ሌላው ተማሪ መጽሐፍ ገልጦ ያነባል፤ እሷ የምታነበው በዚያ ድምፅ ብቻ ነው። ይህንን አውቅ ነበር። አሁን የምነግራችሁን ያደረግኩት ይህንን እያወቅኩ ነው።

ፈተናው ሦስት ወር ሲቀረው ከዞን እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ርዕሰ መምህራችን ተማሪዎች በኮምፒውተር ፈተና የሚለማመዱበት አዲስ ፕሮግራም እንግዶቹ ሳይደርሱ እንዲጫን ፈለገ። ይቻላል ወይ? ብሎ በስብሰባ መሃል ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍም፤ "ነገ ጠዋት አልቆ ያዩታል" አልኩ። ሰው ሁሉ እያየኝ እንዴት አልችልም ልበል? ኢንተርኔት የለም፣ ተቋርጧል። ወልድያ ያለ ጓደኛዬ የሚያስፈልገውን ሁሉ በፍላሽ ገልብጦ በሚኒባስ ሹፌር ላከልኝ። የላከው ግን ከእኛ ሲስተም ለሚበልጥ፣ ለአዲሱ ዓይነት የተዘጋጀውን ነበር።

በሊኑክስ አንድ ፕሮግራም ብቻውን አይቆምም። ፓኬጅ እንለዋለን፤ ተጠቅልሎ ይመጣል፣ ሌሎች ፓኬጆች ላይ ተደግፎ ይሠራል። አዲሱ የመለማመጃ ፕሮግራም አዲስ መደገፊያ ይፈልጋል። የእናትነሽ ድምፅ የተደገፈው ደግሞ አሮጌው ላይ ነው። አዲሱና አሮጌው አንድ ቦታ ላይ አብረው አይቀመጡም፤ አንዱ ሲገባ ሌላው መውጣት አለበት። ግጭት የምንለው ይህንን ነው። መፍትሔ የሌለው ነገር አይደለም። መጀመሪያ ያለውን ትገለብጣለህ። ከዚያ ለራስህ ሲስተም የሚስማማውን ትፈልጋለህ። ካላገኘህ ትተወዋለህ፣ ያለህን ይዘህ ትጠብቃለህ። ወልድያ ሄጄ ትክክለኛውን ይዤ ለመምጣት አንድ ቀን ይበቃኝ ነበር።

ማሽኑ አልደበቀኝም። ይህን ብጭን እነዚህ ይጠፋሉ ብሎ አሳየኝ፤ የድምፁ ፕሮግራም ስም መሃል ላይ ነበር። ልቀጥል ወይ? ብሎም ጠየቀኝ። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ አዎ አልኩት። እምቢ አለ፤ የአሮጌው ትራፊ ፋይሎች ገና አሉና አዲሱን አላስገባም አለ። በግድ አልኩት። ከነቅንብሩ፣ ከነሥሩ አጥፋው አልኩት። የክረምቱ ሥራ፣ ያ ሁሉ ቃል፣ ያለው እዚያ ቅንብር ውስጥ ነው። ረስቼው ነው ብል ደስ ባለኝ። አልረሳሁትም። በኋላ እመልሰዋለሁ አልኩ። ከየት ነው የምመልሰው? ቅጂ አላስቀረሁ! ፍላሹ ሞልቷል፣ መብራትም እንደተለመደው ሊሄድ ይችላል፣ እንግዶቹ ነገ ናቸው፣ እኔም ተናግሬአለሁ። አጠፋሁት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር።

ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ እናትነሽ ገብታ የጆሮ ማዳመጫዋን ሰካች። ምንም የለም። ሌላ ኮምፒውተር ሞከረች፣ ምንም። ዘሃራ ሰርቨሩን አጥፍታ አስነሳችው፣ ገመዱን ነቅላ ሰካችው፣ ምንም። እየሮጠች መጥታ ኮሪደር ላይ አገኘችኝ።

"መምህር፣ ጠዋት የጫንከው ነገር ይሆን እንዴ?"

"እሱ ከድምፁ ጋር አይገናኝም" አልኳት።

ለብዙ ዓመት እኔ እኮ ዝም አልኩ እንጂ አልዋሸሁም እያልኩ ስጽናና ኖሬአለሁ። ተመልከቱ! ኮሪደር ላይ፣ ዓይኗን እያየሁ ዋሽቻታለሁ።

እንግዶቹ መጡ፣ ፕሮግራሙን አዩ፣ ወደዱት፣ እጄን ጨበጡኝ። በሄዱ ማግስት እናትነሽ ዱላዋን እየመታች ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባች። "ድምፄን መልሱልኝ። ፈተና አለብኝ" አለችው። እሱም ነገሩ ይጣራ አለ። ርዕሰ መምህሩ፣ ምክትሉ፣ ዘሃራና እኔ ኮምፒውተር ክፍል ገባን። ሰርቨሩ የተሠራበትን ሁሉ ከነሰዓቱ ይመዘግባል፤ ማን እንዳጠፋው አይታወቅም ወይ? ብሎ ርዕሰ መምህሩ ጠየቀኝ። ስማችን አንድ ስለሆነ ማን እንደሆነ አይለይም፣ መቼ እንደሆነ ግን ይታወቃል አልኩት።

አንዱ የተማሪ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ የሰርቨሩን መዝገብ ከፈትኩ። ሁሉንም አላሳየሁም። የድምፁን ፕሮግራም ስም ጻፍኩና እሱ ያለበትን መስመር ብቻ አውጣ አልኩት። ከሥሩ ያለው መስመር የእኔ አዲሱ ፕሮግራም ሲገባ የተመዘገበበት ነው፤ እሱን ቢያዩ ሕፃን ልጅም ይገባው ነበር። እጄ እንዴት እንደዚያ ቶሎ አሰበ? ርዕሰ መምህሩ አንገቱን አስግጎ አነበበ።

"ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል የማን ፈረቃ ነው?"

ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ሰዓት አራት ሰዓት ይላል፤ ውጭም ረፋድ አራት ሰዓት ነው። ስለዚህ መዝገቡም በእኛ ሰዓት መሰላቸው። ምክትሉ ግን ተጠራጠረ መሰለኝ፣ "ይሄ የፈረንጅ ይሆን እንዴ?" አለ። በዚያች ቅጽበት ዘሃራ መለሰችለት፤ "አይደለም፣ የክፍሉን ሰዓት በሙሉ ወደ እኛ የመለስኩት እኔ ራሴ ነኝ" አለች። እውነት እንዳይጠፋ ብላ ተናገረች፤ በገዛ አፏ ራሷን ጥፋተኛ አደረገች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የሰርቨሩ ሰዓት እንዳልተነካ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ። "የፈረንጅ ነው" ማለት ብቻ! አላልኩም። ስክሪኑን አየሁ፣ ኪቦርዱን አየሁ፣ አላልኩም።

"ወላሂ አልነካሁም!" አለች ዘሃራ። "ወላሂ! አጥፍቼ ያስነሳሁት እንኳ እናትነሽ ድምፅ የለም ካለችኝ በኋላ ነው።" ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሳታውቂ ነክተሽው ይሆናል፣ ሰው ይሳሳታል አላት። ግን ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት፣ ከኮምፒውተር ክፍሉም ተነሥታ ንብረት ክፍል ተመደበች። ጠመኔና መጥረጊያ ታድል ጀመር።

ይህ ሁሉ ግን ከዚህ ቀጥሎ ከሆነው አይብስም። ዘሃራ በራሷ ተጠራጠረች። መዝገቡ እንደዚያ ካለ፣ መምህሩም ዝም ካለ፣ እንግዲያው ሳላውቅ ነክቼዋለሁ አለች። ከሁለት ቀን በኋላ ክፍሉ በር ላይ እናትነሽን አቁማ ይቅርታ ስትለምናት አየሁ። እኔ ውስጥ ነበርኩ፤ መስኮቱ ክፍት ነው።

"እህቴ፣ ምናልባት ሳላውቅ ነክቼው ይሆናል። አውፍ በይኝ።"

"ዓይኔ ሲጠፋ ሕፃን ነበርኩ፣ አላስታውሰውም" አለቻት እናትነሽ። "ይሄኛውን ግን አስታውሰዋለሁ። ደግሞ ወላሂ አልነካሁም ብለሽ ነበር። አልልሽም።" ዱላዋን እየመታች ሄደች። ዘሃራ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማ ቀረች። እኔ ከመስኮቱ ሁለት እርምጃ ላይ ነበርኩ። ወጥቼ መናገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? መስኮቱን ዘጋሁት።

ድምፁን ወዲያው ለምን አልመለስኩትም? ትሉኝ ይሆናል። ለመመለስ አዲሱን ፕሮግራም ማውጣት ያስፈልጋል፤ ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ፈተናው ሳያልቅ አይነካም አለ። ይህ ለሰው የምሰጠው መልስ ነው። ለእናንተ የምሰጠው ሌላ ነው፤ ሰርቨሩን እንደገና ከነካሁት አንድ ሰው ጎኔ ተቀምጦ ያያል ብዬ ፈራሁ። እናትነሽ መጽሐፏን ያገኘችው ሰው ሲያነብላት እየሰማች ነው፤ እህቷ ከሥራ ስትመለስ፣ ጓደኛ ሲገኝ። ፈተናውን ወሰደች፣ አላለፈችም። ዕቃዋን ጠቅልላ ሮቢት ገባች።

በዓመቱ ወልድያ ሄድኩ፣ ትክክለኛውን ይዤ መጣሁ፣ ድምፁን መለስኩት። ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። አያችሁ? ግማሽ ቀን! ቃላቱ ግን የሉም፤ ማሽኑ እንደገና ጠጠር ያኝካል። እናትነሽን ከሮቢት አስጠራኋትና ክረምቱን በዘሃራ ቦታ ተቀምጬ አብሬአት አስተካከልኩ። ሥርየት ነው አልኩ በልቤ። ምን ሥርየት! የሰው ወንበር መውሰድ ነበር። ንብረት ክፍሉ ከእኛ በሁለት በር ይርቃል፤ ዘሃራ ሳቃችንን ትሰማ ነበር።

እናትነሽ በድጋሚ ተፈትና አለፈች። በአዲሱ የትምህርት ዓመት መክፈቻ በዓል ላይ ወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ባለበት ስሜ ተጠራ፤ ጋቢ አለበሱኝ። እናትነሽን አንድ ነገር ትበል ብለው ማይክ ሰጧት። "ዘሃራ ያጠፋችውን ድምፅ መምህሬ መለሰልኝ። እግዜር ይስጥልኝ" አለች። ሰው አጨበጨበ። ዘሃራ መጨረሻው ረድፍ ላይ ነበረች። እሷም አጨበጨበች። ከልቧ ነው ያጨበጨበችው፤ አይቻታለሁ። በዚያ ሙቀት ጋቢውን ለብሼ አጎነበስኩ፣ እጅ ነሳሁ። ጋቢውን እስካሁን አልጣልኩትም፤ ሚስቴ በብርድ ቀን ታቀብለኛለች፣ እለብሳለሁ።

ዘሃራ ብዙ ሳትቆይ ሥራውን ለቀቀች። ጎብዬ አስፋልቱ ዳር ፎቶ ኮፒ የሚያነሱባት ትንሽ ሱቅ ከፈተች አሉ። እኔ በዚያ ሳልፍ ሚኒባሱ ውስጥ ፊቴን ወደ ሌላኛው መስኮት አዞራለሁ።

እንዲህ ሆኜ ዓመታት ሄዱ። ባለፈው ወር እናትነሽ ደወለች። ሕጉን ጨርሳለች፣ ልትመረቅ ነው። "መምህር፣ ከቤተሰቤ ሌላ የምጠራው አንተን ብቻ ነው። ካልመጣህ አልመረቅም!" አለችኝ እየሳቀች። እመጣለሁ አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ከቤት ወጣሁና ወደ ጋሽ ይመር ሄድኩ።

ጋሽ ይመር ሽማግሌ ናቸው፤ በእኛ በራያ ደም ከሚያደርቁት፣ የተጋደለ ከሚያስታርቁት አንዱ። እስላሙም ክርስቲያኑም ይሰማቸዋል። ማሽላቸው ዳር ተቀምጠው አገኘኋቸው። አንድ ሰው በድያለሁ፣ ሽማግሌ ሁነው ያስታርቁኝ አልኳቸው። ምን እንዳደረግኩ በዝርዝር አልነገርኳቸውም፤ አሁንም ፈሪ ነኝ።

"ደም አለበት?" አሉኝ።

"የለበትም።"

"መሬት ነው?"

"አይደለም ጋሼ። አንዲት ሴት በእኔ ጥፋት ተወቀሰች፣ እኔ ዝም አልኩ።"

"እሷ አንተ መሆንህን ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

ጋሽ ይመር ሳቁብኝ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ግን ሳቁብኝ። "እንግዲያው ምኑን ላስታርቅ? እሷ እኮ ከአንተ ጋር ጠብ እንዳላት አታውቅም! መጀመሪያ ሂድና ተጣላት። ከዚያ ከፈለገች እሷ ትላከኝ፤ አንተ ልትልከኝ አትችልም።" ያሉኝ ይህንን ብቻ ነው። ሌላ ወሬ ጀመሩ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ተምቹ።

ያለፈው ቅዳሜ ጎብዬ ሄድኩ። ዘሃራ ስታየኝ "ውይ መምህር! ምን እግር ጣለህ?" ብላ ተነሣች። ወንበር ጠረገችልኝ። አልቀመጥም አልኳት። መታወቂያ ኮፒ የሚያስደርግ አንድ ገበሬ ነበር፤ እስኪሄድ አልጠበቅኩም፣ ብጠብቅ እሸሻለሁ። ተናገርኩ። ድምፁን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ጠዋት በእኔ ፈረቃ ነው። መዝገቡ የፈረንጅ ሰዓት ነበር፤ አውቅ ነበር፤ አውቄ ዝም አልኩ።

ኮፒውን አንሥታ ለሰውዬው ሰጠችው። ሰውዬው ወጣ።

"ድገመው" አለችኝ። ደገምኩት።

የኮፒ ማሽኑ ላይ እጇን አሳረፈች። "ወላሂ ብዬ ነበር እኮ" አለች ቀስ ብላ። ያ ከበር የሚሰማው ድምጿ የት እንደገባ አላውቅም። "ወላሂ ብዬ ምዬ፣ በኋላ በገዛ መሐላዬ ተጠራጠርኩ። በአላህ ስም በሐሰት ማልኩ ብዬ ጾሜአለሁ። እስከዛሬ ዱዓ ሳደርግ ያንን እንዲምረኝ ነው የምጀምረው። አንተ ሰውዬ! እውነቴን ነበር?"

"እውነትሽን ነበር።"

ይህን አላውቅም ነበር። ሥራዋን እንዳሳጣኋት አውቃለሁ፣ እህቷን እንዳሳጣኋት አውቃለሁ። ከፈጣሪዋ ጋር እንዳጣላኋት ግን አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት እኔ ዘንድሮ እናገራለሁ፣ ለከርሞ እናገራለሁ ስል፣ እሷ ላላጠፋችው ምሕረት ስትለምን ኖራለች።

"እናትነሽ ታውቃለች?" አለችኝ።

"አታውቅም።"

"ደውልላት። አሁን፣ እዚሁ።"

ደወልኩ። እናትነሽ በደስታ አነሣችው፤ የምርቃቱን ቀን ልታስታውሰኝ ጀመረች። አቋረጥኳትና ተናገርኩ፤ ለዘሃራ እንዳልኩት፣ ያንኑ። የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፣ አልተቋረጠም።

"መምህር፣ እዚያ ናት?"

"አዎ።"

"ስልኩን ስጣት።"

ሰጠኋት። ዘሃራ "እህቴ" አለች፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባችና መጋረጃውን ሳበችው።

እኔ ወጥቼ አስፋልቱ ዳር ቆምኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ስልኬ ከእሷ ጋ ነው፣ መሄድ አልችልም። እዚያ ቆሜ ምክንያቶቼን ሁሉ አንድ በአንድ አሰብኳቸው፤ ርዕሰ መምህሩ አጣድፎኝ ነው፣ ኢንተርኔት ስለሌለ ነው፣ መብራት ሊሄድ ስለሆነ ነው፣ ወጣት ስለነበርኩ ነው። አንዱንም ለእናንተ አልሰጣችሁም። አንብቤ፣ ገብቶኝ፣ አዎ ብዬ አጠፋሁ። ገብቶኝ ዝም አልኩ። ገብቶኝ ጋቢ ለበስኩ። ይቅርታ መለመን ነበረብኝ ትሉኛላችሁ? ዘሃራን አውቃታለሁ። አውፍ በይኝ ካልኳት ይሉኝታ ይይዛትና ምንም አይደል ትለኛለች። ባላጠፋችው አውፍ በይኝ ብላ ለምና የተከለከለች ሴት ናት፤ እኔ በየት በኩል ነው ያንን ቃል የማስወጣት?

ብዙ ቆየች። ሚኒባሶች መጥተው ሞልተው ሄዱ። በመጨረሻ ወጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ፊቷን ታጥባለች። ስልኬን ዘረጋችልኝ።

"ስናወራ ባትሪህ አለቀ" አለችና ተመልሳ ገባች።